የልብስ ሰፊው ድምፅና የተጣበቀው ቁልፍ

ከዕቃ ጥገና ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ የማየው የእንግዳውን ፊት ሳይሆን እጁን ነው። ሬዲዮ ከያዘ ታምሜያለሁ። ቴሌቪዥን ካሸከመ ተኝቻለሁ። ባዶ እጁን ከመጣ ጤነኛ ነኝ፣ ይግባ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ምን ይዘው ነው? በሽታውን እንድመርጥለት» ብላ ትጠይቃለች።

ልብስ ሰፊው ሀብቴም ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወሰን ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ሆኖ እንዴት አያውቅ! ስለዚህ በዚያ እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ አንድ ታብሌት ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ባዶ እጁን የመጣ መስሎ ገባ። ከኋላው ሚስቱ አስቴር ነበረች። ገና ሳይቀመጥ ዕቃውን አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ከተቀበሉ በኋላ መታመም ደግሞ አይቻልም።

ሀብቴ አይናገርም። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮው ላይ ክፉ ነገር ወጥቶበት በቀዶ ሕክምና ከነድምፁ አወጡለት። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮት ስለነበር፣ ሆስፒታል ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጁ ትዕግሥት ይህን ታብሌት ገዝታ የገዛ ድምፁን አስቀረጸችው። «እንዴት አደራችሁ»፣ «ውሃ ስጡኝ»፣ «አስቴር፣ ኧረ ቀስ በይ»፣ «ወገቡ ይጥበብ ወይስ ይስፋ?»፣ ብቻ ሁለት መቶ የሚደርስ ነገር። ስክሪኑ ላይ ሥዕሉን ሲነካው ታብሌቱ በራሱ በሀብቴ ድምፅ ይናገራል። ሰፈሩ ለምዶታል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲል ዞሮ የሚያየው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ያን ቀን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ትዕግሥትን ለትዳር ለመጠየቅ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጡ ነበር። የቁርጥ ቀን ነው። በእኛ ዘንድ መልሱ ከአባት አፍ ይሰማል፤ አባት ካልቻለ ታላቅ ወንድሙ ይመልሳል። የሀብቴ ታላቅ ወንድም ደግፌ ግን የሚያገባትን ልጅ ቤተሰብ ዓይናቸውን ማየት አይፈልግም። «እኔ ከመለስኩማ ሌላ ቀጠሮ ነው የምሰጣቸው» ብሎ አስቀድሞ ለዘመድ ሁሉ አስታውቋል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አስቴር ናት።

«ታብሌቱስ ምን ሆነ?»

«ከትናንት ጀምሮ ድምፁ በራሱ ጊዜ እየወረደ ዝም ይላል፣ ጋሽ ታዬ። በጣታችን ስክሪኑ ላይ ብናወጣው ተመልሶ ይወርዳል። ዛሬ ጠዋት አንድ ሱቅ ወሰድነው። ልጆቹ ‹አጥፍተን እናብራው› ብለው ሲያበሩት ይሄ ነገር መጣ። ከዚያ ‹ፎርማት ነው የሚፈልገው፣ ውስጡ ያለው ይጠፋል› ሲሉ ቀምቼ መጣሁ።»

ስክሪኑን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ጥቁር ነው። ላዩ ላይ የእንግሊዝኛ ዝርዝር ተደርድሯል። አንዲት ሰማያዊ መስመር ማንም ሳይነካት ከላይ ወደ ታች ትሄዳለች፣ ከታች ስትደርስ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ያን ዝርዝር አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት የሬዲዮ ጥገና ክፍል ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «ረዳት ቴክኒሽያን» ይላል። ረዳት መሆኔ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ቃል ለማሳመር የገባ ነው። አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ከእሳቸው አንድ ዓመት ቀድሞ የተወለደ የሚመስል ሰው። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባለቤቱን ይጠይቁታል። መቼ ጀመረው? ማን ነካው? ምን ነካው? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው ከእሳቸው ጋር አይውልም።

እኔ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አነሣሁ። የአንድ መምህር ሬዲዮ ነበር፣ ድምፅ አልባ። ጋሽ ወልዴ ለምሳ ወጥተው ስለነበር ተመልሰው እስኪመጡ ጠግኜ ላስደንቃቸው አሰብኩ። ፈታሁት፣ ሦስት ዕቃ ነቀልኩ፣ ሦስት ዕቃ በቀለጠ ስታኞ በየድኩ፣ ሁለት ጣቴን አቃጠልኩ። ዝም። ጋሽ ወልዴ መጡና መምህሩን «ምን ነካው?» አሏቸው። «ትናንት ማታ ባትሪ ቀይሬለት ነበር» አሉ። ባትሪዎቹ ተገልብጠው ነው የገቡት። ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። «ሬዲዮው ጤነኛ ነበር፣ ታዬ። አሁን ግን እውነትም ታሟል» አሉና ያበላሸሁትን ሲያስተካክሉ ዋሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ሲፈቱ ጋዜጣ ያነጥፋሉ፣ የዕቃውን ቅርጽ በእርሳስ ይስሉበታል፣ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ሥዕሉ ላይ ያኖሩታል። ሲጨርሱ ደግሞ ራሳቸው አያበሩትም። ለባለቤቱ ሰጥተው «ያብሩት» ይላሉ። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ሳበራው ዓይኔ ዕቃው ላይ ነው። እሱ ሲያበራው ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ዕቃው ይዋሻል» አሉኝ።

ከዚያ አሰላ ተመደብኩ፣ ከዚያ ደሴ። አሰላ የነበረው አለቃዬ ካቻቢቴዎቹን ሁሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ አንድ ብሎን ለመፍታት ማመልከቻ እንጽፋለን። ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም፣ እሱም ስለ እኔ ብዙ አልተናገረም። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ መገናኛ ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። መጀመሪያ ቴሌቪዥንና ቴፕ፣ ቀጥሎ የቪዲዮ ዴክ፣ ቀጥሎ ሞባይል። ዕቃው እያነሰ፣ መነጽሬ እየወፈረ ሄደ።

እዚያ ሱቅ አንዲት ሴት ስልክ አመጣችልኝ። የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ተጣብቋል። ለጋሽ ወልዴ ሦስት ጥያቄዎች ጊዜ አልነበረኝም፤ ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል፣ እኔ ደግሞ ተመልካች ሲኖር የሚብስብኝ ሰው ነኝ። «አሁን ነው የምሠራልሽ፣ እዚሁ ቁሚ» አልኳትና አጥፍቼ አበራሁት። ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው የእንግሊዝኛ ዝርዝር መጣ። ይህ ዝርዝር የጠጋኞች መግቢያ ነው። ዕቃው ሲበራ የድምፅ ቁልፉ ተጭኖ ካገኘው እዚያ ይገባል። እዚያ ውስጥ ጣት ስክሪኑ ላይ አይሠራም። የድምፅ ቁልፎቹ መስመር ይመርጣሉ፣ የማብሪያው ቁልፍ «እሺ» ማለት ነው። አንደኛው መስመር «እንደገና ተነሣ» ነው። አምስተኛው «ያለውን ሁሉ ደምስስ» ነው።

አንደኛው ላይ መሆኑን አይቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጣቴ እስኪወርድ ግን የተጣበቀው ቁልፍ መራጩን አምስተኛው ላይ አድርሶት ነበር። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ደነገጥኩና ለመመለስ ብዬ ድጋሚ ተጫንኩ። የተጣበቀው ቁልፍ ቀድሞኝ «አዎ» ላይ ቆሟል።

ስልኩ ውስጥ የነበሩት የሞተ ልጇ ፎቶዎች ናቸው። አልጮኸችም። «ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይሆን፣ ጋሼ?» አለችኝ። የለም አልኳት። በሳምንቱ መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ። በወሩም መጣች። ከዚያ በኋላ ቀረች፤ መቅረቷ ከመምጣቷ ባሰብኝ። ሰፈሩ ሱቁን የዘጋሁት እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ይመስለዋል፣ እኔም እንዲመስለው ትቼዋለሁ። እጄ የተንቀጠቀጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሀብቴ ጭኔ ላይ ያኖረው ይህንኑ ዝርዝር ነው።

«ማንም የማብሪያውን ቁልፍ እንዳይነካ» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠየቅኩ። መቼ ጀመረው? ትናንት ጠዋት። ማን ነካው? ሀብቴ ብቻ፣ ዛሬ ደግሞ የሱቁ ልጆች። ምን ነካው?

«ምንም!» አለች አስቴር፣ ሳልጨርስ።

«ውሃ፣ ወጥ፣ ዘይት?»

«ምንም አልነካውም አልኩ እኮ!»

«ድምፁ ሌላ ቦታ ተገልብጧል?»

አልተገለበጠም። ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ከላላ ቆይቷል፤ ኤሌክትሪክ ይቀበላል እንጂ ከኮምፒዩተር ጋር አይግባባም። ትዕግሥት «ላሠራውና እገለብጠዋለሁ» ስትል ስትል ሥራ በዝቶባት ቀረ። አምስተኛው መስመር ላይ አንድ ሰው ማብሪያውን ቢነካ ሀብቴ ለሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ያጣል።

«ባትሪው ስንት ነበር?» አልኩ፣ አልቆ ራሱ ቢጠፋ ብዬ።

«ሙሉ ነው! ለዛሬ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ነው ያደርኩት» አለች አስቴር በኩራት።

በሕይወቴ የባትሪ መሙላት ያናደደኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እስኪያልቅ ብንጠብቅ ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ ደግፌም ቀጠሮውን ሰጥቶ፣ ራታችንን እንበላለን። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን ከውስጥ መንቀል። ችግሩ ማብሪያው ከድምፅ ቁልፎቹ ጎን፣ አንድ ጣት ርቀት ላይ፣ ያውም በክዳኑ ጠርዝ መሆኑ ነው።

ባለቤቴ የትዕግሥትን የፀጉር ማድረቂያ ለምና አመጣች። ሙጫው እንዲለሰልስ ጠርዙን አሞቅሁት። ከዚያ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርዴን አውጥቼ ስንጥቁ ላይ አስጠጋሁት። ካርዱ እጄ ውስጥ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ጠረጴዛውን ወጋሁት። ደግሜ ሞከርኩ፣ አውራ ጣቴን።

ሀብቴ ካርዱን ከእጄ ወሰደው። ከኪሱ የልብስ ሰፊ ጠመኔውን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈ፦ «ስፌት መፍታት ነው።»

«ሀብቴ፣ ይሄ ኮት አይደለም! አንድ ጊዜ ካዳለጠህ አለቀ።»

ከሥሩ ጨመረ፦ «አፍ ያንተ። እጅ የኔ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቁን ሳይጭር ክሩን ብቻ ሲያወጣ ያየሁት እጅ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ታብሌቱን በጠርዙ አቁሞ እንደ ኮት እጅጌ ጉልበቱ መሐል ያዘው። ጀርባው ወደ እኔና ወደ እሱ፣ ስክሪኑ ወደ አስቴር ሆነ።

«አስቴር፣ ሰማያዊዋ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለች ቁጠሪልን። አምስት ስትዪ ማንም አይተነፍስም።»

«እንግሊዝኛ አላነብም እኮ።»

«አምስት መቁጠር ትችያለሽ?»

«እንዴ ጋሽ ታዬ! ሰባት ወልጄ አራት አሳድጌያለሁ» አለችና ቁጭ አለች።

«አንድ... ሁለት... ሦስት...»

ሀብቴ ከታች ጀመረ። ካርዱ ገባ፤ ትንሽ ቅንጥብ የምትል ድምፅ ወጣች። ከታች ያሉት መንጠቆዎች አንድ በአንድ ለቀቁ። «አምስት» ስትል ይቆማል፣ «ስድስት» ስትል ይቀጥላል። ግራው ተከፈተ። ላዩ ተከፈተ። ማብሪያው ያለበት ቀኝ ጎን ብቻ ቀረ። የሀብቴ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። የእኔ ወገብ ላይ።

«ሦስት... አራት... አምስት...»

«ቁም!» አልኩ። ቆመ። ክዳኑ ግን አልቆመም። እስከዚያ የታገሠው ሙጫ በራሱ ጊዜ ለቀቀና ጠርዙ ማብሪያውን መትቶ ቀጭ አለ።

አስቴር ጮኸች። «ዝርዝሩ ጠፋ! ሌላ መጣ! ሁለት መስመር ብቻ ነው!»

«እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ነው። ላይኛው «አይ»፣ ታችኛው «አዎ»።

«ሰማያዊዋ የት ናት?»

«ላይ... ታች... ላይ... ታች...»

የሀብቴ አውራ ጣት ማብሪያው ላይ ነበር። ክዳኑ ወደ ውስጥ ገፍቶታል። ጣቱን ቢያነሣ ክዳኑ እንደገና ይመታዋል፣ ቢጫን ራሱ ይመታዋል። ሁለቱም እጆቹ ታስረዋል። ቀና ብሎ አየኝ። የዚያን ዓይን ትርጉም ለመረዳት ታብሌት አያስፈልግም።

የባትሪዋ መሰኪያ በክፍቱ በኩል ትታየኛለች፤ የምስር ፍሬ ታክላለች። ወረንጦዬን አነሣሁ። እጄ ይርገፈገፋል። የእጄን አንጓ የሀብቴ ጉልበት ላይ አስደገፍኩት። እሱ አይነቃነቅም፣ ስለዚህ እኔም ትንሽ ቀነሰልኝ። አንዴ ሳትኩ። ሁለተኛ ሳትኩ።

«ላይ... ታች... ላይ... ኧረ እግዚኦ...»

ሦስተኛው ላይ ያዝኩና ሳብኩ።

«ጠፋ!» አለች አስቴር።

«ሲጠፋ የት ላይ ነበረች? ላይ ነው ታች?»

«አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ሀብቴ ሚስቱን አያት። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ «አስቴር፣ ኧረ ቀስ በይ» የሚለውን የሚጫን ይመስለኛል።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጋዜጣ አንጥፌ የታብሌቱን ቅርጽ ሣልኩ፣ ብሎኖቹን በየቦታቸው አኖርኩ። የድምፅ ቁልፎቹን ከውስጥ አወጣኋቸው። መቀነሻው ሥር እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ግራጫ ነገር ሞልቶ ቁልፉን ተጭኖ ይዞታል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ዝገት ከሆነ በእሑድ ቀን መለዋወጫ የትም የለም፤ ሌላ ነገር ከሆነ ይታጠባል።

«አስቴር፣ አሁንም ምንም አልነካውም?»

መሬት መሬት አየች። ሀብቴ ጠመኔውን አነሣ። «እምነት» ብሎ ጻፈ።

ነገሩ ገባኝ። በየጠዋቱ እንጦጦ ወጥተው ጸበል ይጠመቃሉ፤ ከዚያ የተቀደሰውን አፈር፣ እምነቱን፣ ጉሮሮውን ይቀባል። በዚያው በረጠበ ጣቱ ደግሞ ታብሌቱን ይጫናል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንዲት ቅንጣት።

«የተቀደሰ ነገር ዕቃ አያበላሽም!» አለች አስቴር ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ሰው ሰምቶ ‹ጸበል አበላሸው› እንዲል ነው የምትፈልገው?»

«እኔ ምን አልኩ? ጥፋቱ የቁልፉ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው» አልኳት። ልቧ ትንሽ መለስ አለ። ሀብቴ ኮቱ ላይ ከሰካቸው መርፌዎች አንዱን ሰጠኝ። ግራጫውን በመርፌ ፈልፍዬ በአልኮልና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አጠብኩት። አስቴር የወጣውን አፈር በመሐረቧ ጠቅልላ ያዘች፤ መሬት አይጣልማ። ቁልፉን ተጫንኩት። ገባ። ለቀቅኩት። ወጣ። ባትሪውን ሰክተን ክዳኑን ገጠምን።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ታብሌቱን ለሀብቴ ሰጠሁት። «አብራው» አልኩ። ድፍረት አልነበረም፤ እኔ ለማብራት ወኔ አልነበረኝም። አበራው። ዓይኔን ከፊቱ ላይ አላነሣሁም። ረጅም ጊዜ ምንም ነገር ፊቱ ላይ አልታየም። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሥዕሎቹ ነበሩ፣ በየቦታቸው። ሰዓት ስላልነበረን ሳንሞክረው ወጣን።

ቤቱ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። አራቱም ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ፤ መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡም። ደግፌ ከጥጉ ወንበር ላይ ክራቫቱን ያስተካክላል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰው፣ «ለሦስተኛ ጊዜ መጥተን ደጅዎ ቆመናል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

ሀብቴ አንድ ሥዕል ነካ። ዝም።

ድጋሚ ነካ። ዝም። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ደግፌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወንድሜ ሕመም ላይ ስለሆነ እኔ...»

ሀብቴ እጁን አነሣ። ከትናንት ጀምሮ ድምፁ እስከ ታች ወርዶ እንደነበረ ሁላችንም ረስተነዋል። አሁን የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ መጨረሻው አወጣው። ተመልሶ ይወርድ እንደሆነ ሁላችንም ጠበቅን። አልወረደም። ሥዕሉን ነካ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።»

ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ ከበስተኋላው የስፌት መኪና የሚሰማበት፣ የድሮው የሀብቴ ድምፅ። ይህን ቃል ከመካከላችን የሰማው ሰው አልነበረም። ቀድቶ ሲያስቀምጠው ትዕግሥት እንኳን አልነበረችም፤ ማን እንደሚጠይቃት ሳያውቅ፣ ለዚህ ቀን ብሎ ብቻውን ነው የቀዳው። ከጓዳ በር ጀርባ የሆነ ነገር ወደቀና ተሰበረ፣ ከዚያ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ የትዕግሥት ድምፅ መጣ። አስቴር እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ተቀመጡ።

ሀብቴ ግን ጣቱን አላነሣም። ደግፌን ትክ ብሎ እያየ ድጋሚ ነካው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።» ደግፌ ክራቫቱን አላላ። ወደ ጓዳው ዞሮ ሦስተኛ ነካው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።» ለአራተኛ ጊዜ ጣቱን ሲያነሣ ጢማሙ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ ጋሽ ሀብቴ፣ ሰማን፣ ተቀበልን!» አሉ። «የመጣነው ለአንድ ልጅ ነው፤ አራት ሙሽራ የት እናደርሳለን?»